አምድ የሌላት በቅሎ

ወለጋን በደንብ ያወቅኋት በብሩሽ ጫፍ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ነቀምቴ በነበረው የመንገድ መሥሪያ ቤት፣ በንድፍ ክፍሉ ውስጥ ካርታ ቀቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ጠረጴዛዬ መስኮት ሥር ነው። ጠዋት ስገባ ከተማው በጉም ተሸፍኖ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ከፊት ለፊት ያለው የባሕር ዛፍ አጥርም አይታይም፤ የሚታየኝ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋው ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ እውነተኛው አገር ወረቀቱ ላይ ያለው ይመስለኝ ነበር። ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ብቅ የሚለው ሌላው አገር፣ ጭቃና አህያ የሞላበት፣ ሥራ ሊያስፈታኝ የመጣ እንግዳ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ደመወዝ በልቼ፣ ጫማ አድርጌ፣ ትዕቢቴ ለብቻው አንድ ወንበር ይፈልግ ነበር።

ሥራው ቀላል ነው። መንገድ ሁሉ ደረጃ አለው፣ ደረጃ ሁሉ ቀለም አለው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በባኮ አድርጎ ነቀምቴ የሚገባው፣ ከዚያም ወደ ጊምቢ የሚቀጥለው አውራ ጎዳና አንደኛ ደረጃ ነውና ወፍራም ቀይ ይቀባል። ሁለተኛ ደረጃ ቀጭን ቀይ ነው። ሦስተኛ ደረጃ፣ ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኘው፣ ቢጫ ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ ክረምት ሲገባ የሚዘጋው የበጋ መንገድ ግን ቀለም አይገባውም። እሱ በጥቁር ብዕር ቁርጥ ቁርጥ እየተደረገ ይሰመራል። ብዕሩን ጫን፣ ብድግ፣ ጫን፣ ብድግ። ቀለም ያገኘ መንገድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በየዓመቱ ግሬደር ይላክለታል፣ ወንዝ ካለበትም ድልድይ ይሠራለታል። ቁርጥራጩ ግን የሚጠይቀው የለም።

ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን መስመሮቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። ቀዩ ከቀዩ እየተጋጠመ፣ ቢጫው ከጎኑ እየበቀለ፣ ወደማላውቃቸው ከተሞች ይወስደኛል። ደምቢ ዶሎን ሳላያት አውቃታለሁ፤ ነጆም ደርሼ አላውቅም፤ ግን መታጠፊያዋን ጣቴ ያስታውሰዋል። እንቅልፍ ሲወስደኝ መንገዶቹ ሁሉ መሬቱን ለቀው ትንሽ ከፍ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስለኛል፤ እኔም ከላያቸው ብሩሼን ይዤ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። አሁን ሳስበው እንኳን ደስ ይለኛል።

ከመንገዶቹ ሁሉ አንዱ ብቻ ጣቴን ያስፈራው ነበር። ነቀምቴን ወጥቶ ወደ ጊዳ አያና በኩል ከሚሄደው መስመር አንድ ቀጭን መንገድ ወደ ጎን ይታጠፍና አንድ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ተወለድኩበት ትንሽ የገበያ ቦታ ይገባል። ይህን መንገድ ማንም አልሠራውም፤ አባቴ ነው የሠራው። ከመስቀል በኋላ በየዓመቱ ደቦ ጠርቶ፣ ዝናብ የሸረሸረውን በድንጋይ ሞልቶ፣ ቁልቁለቱን ቆርጦ፣ መኪና እስኪያሳልፍ ድረስ አስፍቶት ነበር። ማንም አልሾመውም፣ ማንም ደመወዝ አይከፍለውም። ሰፈሩ «አባ ከራ» ይለዋል፤ የመንገድ አባት እንደማለት ነው። ሲጠሩት ጀርባው ቀና ይላል።

መንገዱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ድልድይ የለውም። በበጋ መኪና ውኃውን ረግጦ ይሻገራል። በክረምት ግን ማንም አይሻገርም። አንድ ሐምሌ እናቴ ዳገት ላይ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ሊያመጧት ሲሉ ወንዙ ሞልቶ አገኙት። ሁለት ቀን ሙሉ ዳሩ ላይ፣ በኮባ ቅጠል ሥር፣ ውኃው እስኪጎድል ጠበቁ። እኔ ያኔ ተማሪ ሆኜ ነቀምቴ አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ ምንም አላወቅኩም። እናቴ ዳነች፤ እግሯ ግን እንደተጣመመ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስትራመድ አባቴ ወደ ሌላ ቦታ ይመለከታል።

ስለዚህ ስለ ቀለሞቹ ስነግረው ዓይኑ በራ።

«የኛስ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

«ገና ቀለም የለውም፣ አባዬ።»

«ዲማ ይሁናላ!» ቀይ ማለቱ ነው።

«ቀይማ አይደርሰንም። ቢጫ ከሆነልን ተመስገን ነው። ለቢጫም ድልድይ ይሠራል።»

«ኬሎ!» አለና ሳቀ። ኬሎ ማለት ቢጫዋ አደይ አበባ ናት። «ይሁን፣ ኢንተለ ኮ» አለኝ፤ ሴት ልጄ ማለቱ ነው። «ኬሎም ያምራል።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ካርታው እንደገና ሊዘጋጅ ሆነ፤ ደረጃ ባልተሰጣቸው መንገዶች ላይ የሚያልፈውን የሚቆጥሩ ሰዎችም ተመደቡ። በዝርዝሩ ላይ የኛን መንገድ ሳየው ልቤ ዘለለ። ያንኑ ቀን ለአባቴ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ደጋግሜ ስለረገምኩት አይረሳኝም። «ከመንግሥት ቆጣሪዎች ይመጣሉ። ሰባት ቀን መንገዱ ዳር ይቀመጣሉ። የመንገዳችን ደረጃ በእነሱ እጅ ነው። በክብር ተቀበሏቸው።» ይኸው ነው። ምን እንደሚቆጥሩ አልጻፍኩም። ቆጣሪ መኪና ነው የሚቆጥረው፣ ይህን የማያውቅ አለ እንዴ ብዬ ነው። እንዲያውም ደብዳቤው አጠር ብሎ መንግሥታዊ በመምሰሉ ኮርቼበት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። ግን ስንት ጊዜ ስለተነገረኝ እዚያ የነበርኩ ይመስለኛል፤ የጠዋቱ ጤዛ እንኳን እግሬን ያረጥበኛል።

ደብዳቤውን የሰፈሩ አስተማሪ ሦስት ጊዜ አነበበለት። አባቴ በማግስቱ ሕዝቡን ጠራ። መንገዱ ከመታጠፊያው እስከ ወንዙ ተጠረገ። ጉድጓዱ ተደፈነ፣ እበቱ ተለቀመ። ቆጣሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ። ወንዙ አጠገብ ባለው ሾላ ሥር ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

በኛ አገር ያን ጊዜ ሹም በተቀመጠበት ፊት በበቅሎ ተቀምጦ ማለፍ ትልቅ ነውር ነው። ከበቅሎ ይወረዳል፣ ጋቢ ይደገደጋል፣ መንገዱን ለቆ ወደ ጎን ይባላል። ለአባቴ ግን ይህ አነሰው። መንግሥት ፊት ለፊት አቧራ ማስነሳትስ ምን ማለት ነው? እንግዶቹ መንገዱን ሊያዩ መጥተው ሰኮና ቢፈነጭበት፣ ጎማ ቢያቦካው፣ ምን ሊሉ ነው? ስለዚህ ሰባቱን ቀን ሰው ሁሉ በላይኛው የእርሻ ዳር እንዲሄድ አዘዘ። ገበያተኛው ታዘዘ። በቅሎና አህያው በላይ በኩል ዞረ። ከጉራጌ አገር መጥቶ እኛ ዘንድ ሱቅ የከፈተው ነጋዴ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው፤ ቡና ጭኖ ሊወጣ ሲል አባቴ ለምኖ ሱቁ በር ላይ አስቆመው። አልፎ አልፎ ለሚመጣው የሚሲዮን ላንድሮቨርም ሰው ተላከና በመጣበት ተመለሰ። ከነቀምቴ ጨው ይዘው የመጡት ሁለት መኪኖችም ዋናው መስመር ላይ ጭነታቸውን አራግፈው ሄዱ፤ ጨዉን ሰው ተሸክሞ በእርሻ በኩል አስገባው። ማንም እምቢ አላለም። ለመንግሥት እንግዳ ነው፣ ለመንገዱ ነው ተባለ።

ለቆጣሪዎቹ ወተት ይመጣል፣ አንጮቴ በቅቤ ይመጣል፣ ማር ይመጣል። አንድ ቀን ሽማግሌው ቆጣሪ ምግብ ያመጣውን ጎረምሳ «በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁት አሉ። ልጁም እጁን አጣምሮ «ነጋ ነው፣ ጎፍታ» አላቸው። ሰላም ነው ጌታዬ፣ የሚያስቸግራችሁ የለም ማለቱ ነው።

ወረቀቶቹ ነቀምቴ ሲደርሱ እኔ ቢጫውን ቀለም በጥብጬ እየጠበቅኩ ነበር። ሽማግሌው ቆጣሪ አንድ ቅል ማር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ከአባትሽ ነው» አሉኝ። «እንዴት ያለ ሰው ነው! ስዞር ኖሬ እንዲህ ያለ መስተንግዶ አላጋጠመኝም። ግን ልጄ፣ ምን ልበልሽ፣ መንገዱ ላይ ዝንብ እንኳን አላለፈም።»

ወረቀቱን አየሁት። ትንሽ መኪና፣ ላንድሮቨር፣ አውቶቡስ፣ ጭነት መኪና። አራት አምዶች፣ ሰባት ቀኖች። ሁሉም ዜሮ። በሥርዓት፣ በሚያምር እጅ የተጻፈ ዜሮ። መጀመሪያ የሌላ መንገድ ወረቀት መሰለኝ። ከዚያ የማሩን ቅል አየሁ፣ ደብዳቤዬን አስታወስኩ፣ አባቴን አሰብኩት። ሁሉ ነገር ቀስ ብሎ ገባኝ።

ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ሮጥኩ። የሸዋ ሰው ናቸው፤ እርሳሳቸውን በቁመት ቅደም ተከተል የሚደረድሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሳቃቸውን ይቅር ለማለት ዓመታት ወስዶብኛል።

«በክብር ተቀበሏቸው ብለሽ ጻፍሽ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እነሱም ተቀበሏቸው። አየሽ፣ ወረቀቱ ተፈርሟል። ካርታው በወሩ መጨረሻ አዲስ አበባ መግባት አለበት። እንደገና የሚቆጠረው ካርታው ሲታደስ ነው።»

«መቼ ነው?»

«ሲታደስ» አሉ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ የለም፤ ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ተኝታለች። ቢጫው ቀለም በትንሿ ሳህን ውስጥ አለ። ብሩሹን ነከርኩት። አንድ ጊዜ ብስበው የሚያየኝ የለም፤ አዲስ አበባም ቢጫ ነው ብላ ታትመው ነበር። ብሩሹ ጫፍ ላይ ጠብታዋ እስክትወፍር ያዝኩት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ታማኝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈራሁ። ብዕሩን አነሳሁና የአባቴን መንገድ ቆራረጥኩት። ጫን፣ ብድግ፣ ጫን፣ ብድግ። ወንዙ ጋ ስደርስ የተሻገርኩ እንዳይመስል ብዕሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍ አደረግኩት።

መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል አገሬ ሄድኩ። የነጋዴው መኪና እስከ ወንዙ አደረሰችኝ፤ ሞተሯ ስላስቸገረ ከዚያ በእግር ተሻገሩ ተባልን። አባቴ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ይጠብቀኛል። መታገሥ አልቻለም፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባና መሀል ላይ ተገናኘን። እንኳን ደህና መጣሽ ከማለቱ በፊት «ኬሎ ነው?» አለኝ።

ውኃው ጉልበታችን ድረስ ነበር። ፊቴን አየና መልሱ ገባው። እጄን ይዞ ዳር አወጣኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። በእንጨት አሸዋው ላይ የቆጠራውን ወረቀት ሣልኩለት። እዚህ ትንሽ መኪና፣ እዚህ ላንድሮቨር፣ እዚህ አውቶቡስ፣ እዚህ ጭነት መኪና። ያለፈ ሁሉ በአንድ ጭረት ይያዛል፤ ጭረቱ ከበዛ መንገዱ ቀለም ያገኛል አልኩት። አባቴ ወረቀት ባያነብም አሸዋው ላይ ያለው ገባው።

«በቅሎስ የት ናት?» አለኝ።

«ለበቅሎ አምድ የለም።»

«በእግር የሚሄደውስ?»

«የለም፣ አባዬ።»

«የነጋዴው መኪና ግን ነበረች።»

«ነበረች።»

«እኔ ነኝ ያስቆምኳት» አለ። ከዚያ ሁለቱን የጨው መኪኖች፣ ላንድሮቨሩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ በጣቱ አሸዋው ላይ ነካቸው፤ ሊያልፉበት ይገባ በነበረው ቦታ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን እንደሚቆጥሩ ልጽፍልዎ ይገባ ነበር አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ ነበር። እሱ ግን አሸዋውን በመዳፉ አበሰና «በክብር ተቀበሏቸው አልሽ፤ በክብር ተቀበልን» አለኝ። ተነሥቶ ወደ ቤት መራኝ። እናቴ በራፉ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ እያነከሰች ልትቀበለን ስትመጣ አባቴ ወደ እርሻው ዞሮ ተመለከተ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ክረምት አለፈ። ደቦውን አልተወም፤ በየዓመቱ መንገዱን ይጠግናል። ግን «አባ ከራ» ብለው ሲጠሩት ጀርባው ቀና አይልም። ነጋዴው ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ «ቡናዬን ሰባት ቀን ያቆምክብኝ ለዜሮ ነው አይደል?» እያለ ሲቀልድበት ሌላው ይስቃል፣ አባቴም ለወጉ ይስቃል። እኔ ነቀምቴ ሆኜ የሌሎችን መንገድ ቢጫ እቀባለሁ። የማልመው ሕልም ተለወጠ፤ መስመሮቹ አሁንም ይንሳፈፋሉ፤ ግን አንዱ ጋ ስደርስ ተቆራርጦ እግሬ የሚረግጠው ያጣል። ደንግጬ እነቃለሁ።

በአራተኛው ዓመት ካርታው ይታደሳል ተባለ። ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁና እኔ እሄዳለሁ አልኩ።

«ሴት ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጣ መኪና ስትቆጥር?» አሉኝ።

«መስኮት ሥር ተቀምጬ ስቀባው ሴት አልነበርኩም?» አልኳቸው። ምላሴ ያን ጊዜ ከኔ ይቀድም ነበር።

እርሳሶቻቸውን አስተካከሉ። «የአባትሽ መንገድ ነው። ጨመረች ይሉሻል።»

«ከሽማግሌው ቆጣሪ ጋር እንቆጥር። እሳቸው ለብቻቸው፣ እኔ ለብቻዬ። ወረቀቶቹ ካልተመሳሰሉ ይጣሉ።»

ይህ ሥርዓት ስለሆነ ደስ አላቸው። ሄድን።

በዚህኛው ጊዜ ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ ቀድሜ ሄጄ በአፌ ነገርኩ። የነጋዴውን መኪና ወደላይ ወደታች እንዳያመላልሱብኝ ብዬ ባስጠነቅቅ አባቴ ቱግ አለ። «ሌባ አደረግሽኝ እንዴ?» አለኝ፤ አባቴ ሲቆጣኝ የማስታውሰው ያንን ጊዜ ብቻ ነው። የከበደው ግን መኪና ማሳለፉ አልነበረም፤ ሰውን ማሳለፉ ነበር። አባቴ ማንም መንገድ አይልቀቅ፣ የፈለገ በፈለገበት ይሂድ ብሎ ቤት ለቤት ዞረ። ሰዉ ግን ሁለት ወንበር ሲያይ እግሩ ራሱ ወደ እርሻው ይዞራል። የመጀመሪያው ቀን ገበያተኛው ሩቅ ላይ ቆሞ ተያየ፤ ወዲያው አንዲት ጎመን የተሸከመች ሴትዮ ዓይኗን ጨፍና ማለት ይቻላል በፊታችን እየሮጠች አለፈች። ከኋላዋ ሌላው ተከተለ።

ሊጨነቅ የሚችል አንባቢ ካለ አስቀድሜ ልናገር፤ መንገዱ ቢጫ ሆኗል። የነጋዴው መኪና በየዕለቱ አለፈች፤ ባለቤቱ ሲያልፍ ቆቡን አንስቶ «ጭረቴን በደንብ አድርጊያት!» እያለ ይጮሃል። ላንድሮቨሩ አለፈ፣ የጨው መኪኖች አለፉ፣ ቡና ገዢዎች ከነቀምቴ መጡ። አምስተኛው ቀን ላይ ጭረቱ ከበቂ በላይ ነበር። እኔው ራሴ ነኝ በዚያው ብሩሽ የቀባሁት፤ ድልድዩም ከጊዜ በኋላ ተሠርቶ እናቴ ክረምት ላይ በእግሯ ተሻግራበታለች። ልናገር የፈለግኩት ግን ስለ ስድስተኛው ቀን ነው።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ይዞልን ሲመጣ አባቴ ወረቀቴን አጎንብሶ አየና «አሁንም ለበቅሎ የለም?» አለኝ። የለም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪና የለም፤ ወንዙ ብቻ ይሰማል፤ የሾላው ጥላ እየረዘመ መንገዱን ተሻግሯል። ሽማግሌው ያንቀላፋሉ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ከላይ ከመታጠፊያው አቧራ ተነሳ፤ የፀሐይዋ ብርሃን ገብቶበት ቢጫ ሆነ። ከውስጡ በቅሎ ወጣች። ለበዓል ብቻ የሚወጣውን ኮርቻ ተጭናለች። አባቴ ላይዋ ተቀምጧል፤ ጋቢው ነጭ ነው። ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ ምክንያቱም በቅሎዋ መንገዱን የረገጠች አትመስልም ነበር።

እየቀረበ መጣ። ዓይኑ ወደ ፊት ነው፣ አንገቱ ቀጥ ብሏል። እኔ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን አንገቱ ጎበጠ። የዕድሜ ልክ ልማዱ ነው። እጁ ጋቢውን ለማደግደግ ሄደ፣ እግሩ ከእርካቡ ወጣ። አባቴ ለኔ ከበቅሎ ሊወርድልኝ ነው።

«አባዬ፣ እንዳይወርዱ!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ባነው ነቁ። አባቴ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቆመ።

«መንግሥት ፊት ተቀምጬ?» አለኝ፤ ፊቱ ደም መስሏል።

«መንግሥት አይደለሁም። ልጅዎ ነኝ።»

«ወንበሩ የመንግሥት ነው» አለ።

ተነሳሁ። ወንበሩን አጥፌ ሾላው ሥር ወረወርኩትና መንገዱ ዳር አቧራው ላይ ቆምኩ። አባቴ አየኝ፤ ከዚያ የተጣለውን ወንበር አየ። እግሩን ወደ እርካቡ መለሰ።

«ያን ጊዜ ሁሉንም ያስቀረሁ እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ እኔ ሳላልፍ ብቀር ያሳፍራል።»

በቅሎዋን ነካ አደረጋት። በፊቴ አለፈ፤ አቧራው ፀጉሬ ላይ፣ ወረቀቴ ላይ፣ ምላሴ ላይ ሳይቀር ገባ። ጀርባው ቀና ብሎ ነበር። ወንዙን ረግጦ ተሻገረና ከማዶ ያለውን ዳገት ይዞ ሄደ፤ ዞር ብሎ አላየም።

አራቱን አምዶች አየኋቸው። ከዚያ ከአምዶቹ ውጭ፣ ባዶው የወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ጭረት ጫርኩ። ወረቀቱን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ስለጫርኳት ጠመም ብላለች።

ሽማግሌው ቆጣሪ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቴን አዩት። ወረቀቶቹ ካልተመሳሰሉ እንደሚጣሉ ያውቃሉ። እርሳሳቸውን ምራቅ አስነኩትና የራሳቸው ወረቀት ጠርዝ ላይ፣ ልክ በዚያው ቦታ፣ እንደኔዋ ጠመም ያለች አንድ ጭረት ጫሩ።